የአንጀት ትላትልና የትርፍ አንጀት ሕመም፤ ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ አንጻር ሲታይ

መግቢያ

በአገራችን ሆዱን ያመመው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ትልን ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ጥሬ ሥጋ መብላትና ኮሶ መጠጣት ከጥንት ጀምሮ አብረው የኖሩ ልማዶች ስለ ሆኑ፥ ሕዝባችን ከአንጀት ትል ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ቋንቋችንም ይህንኑ ይመሰክራል፤ የራበው ሰው «ወስፋቴ ጮኸ» ይላል፤ እህል ያስጠላው ደግሞ «ወስፋቴ ተዘጋ» ይላል። «ኮሶ» የሚለው ቃል ዛፉንም፥ ከአበባው የሚዘጋጀውን መድኀኒትም፥ መድኀኒቱ የሚያወጣውን ትልም በአንድ ስም ይጠራል።

በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የተነሣንበት ጥያቄ እንደሚከተለው ነው፤ የአንጀት ትል የትርፍ አንጀትን ሕመም ሊያመጣ ይችላልን? መልሱን አስቀድመን በአጭሩ ለመናገር፥ ይችላል፤ ነገር ግን ይህ የሚሆነው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። እንዲህ ያለው መልስ ለሳይንስ ተማሪ ብቻ የሚጠቅም ዕውቀት መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል። ይሁን እንጂ እንደ ሰቆጣ ባለ፥ ከገጠር ቀበሌዎቹ እስከ ኦፕራሲዮን ክፍል ያለው መንገድ ረጅም በሆነበት አገር፥ «ትል ነው» እና «ትርፍ አንጀት ነው» በሚሉት በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። የምንጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ትርፍ አንጀት እንዴት ይታመማል

ትንሹ አንጀት ከትልቁ አንጀት ጋር በሚገናኝበት በሆድ የቀኝ ታችኛ ወገን፥ ዕውር አንጀት ከሚባለው ክፍል ሥር እንደ ትል ቀጥና የተንጠለጠለች ቱቦ አለች። ርዝመቷ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ውስጧ ግን ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይሰፋም፤ ጫፏም የተዘጋ ነው። እኛ «ትርፍ አንጀት» ብለን የምንጠራት ይህችን ነው። ስሟ ትርፍ ቢሆንም፥ በግድግዳዋ ውስጥ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከል ሥጋ ይገኛል፤ ለአንጀት ጠቃሚ የሆኑ ባክቴሪያዎች መጠለያ ናት የሚሉ ሊቃውንትም አሉ።

ሕመሙ የሚጀምረው በአብዛኛው የቱቦዋ አፍ ሲዘጋ ነው። አፉን የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ የደረቀ ዐይነ ምድር ወይም በግድግዳው ውስጥ ያለው ሥጋ ማበጡ ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ የተዋጠ ፍሬ፥ ዕጢ፥ ወይም ትል ይሆናል። አፉ ከተዘጋ በኋላ በውስጧ የሚመነጨው ንፍጥ መውጫ ያጣል፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ ደሙ እንደ ልብ መዘዋወር ይሳነዋል። በመጨረሻም ግድግዳዋ ይበሰብስና ይቀደዳል። መግሉ ወደ ሆድ ዕቃ ሲፈስስ ሞት የሚያስከትል አጠቃላይ የሆድ ብግነት ይነሣል።

በታሪክ የታወቀው የመጀመሪያው ትርፍ አንጀትን ቆርጦ የማውጣት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1735 በለንደን ክላውዲየስ አምያንድ በተባለ ቀዳጅ ሐኪም የተፈጸመ ነው። ታማሚው የ11 ዓመት ልጅ ነበር፤ በትርፍ አንጀቱም ውስጥ የተገኘው የዋጠው መርፌ ቁልፍ ነበር። ከዚያ በኋላ 150 ዓመት ያህል ቆይቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1886 አሜሪካዊው ሐኪም ሬጂናልድ ፊትዝ በሆድ ቀኝ ወገን የሚነሣው ገዳይ ብግነት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህች ትንሽ ቱቦ የሚጀምር መሆኑን አስረዳ፤ ሕመሙንም «አፔንዲሳይቲስ» ብሎ ሰየመው፤ ሐኪሞችም ሳይዘገዩ እንዲቀዱ መከረ። ሳይዘገዩ የሚለው ምክር እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በአሁኑ ጊዜ ገና ያልተቀደደውን ሕመም በባክቴሪያ መድኀኒት ብቻ ለማከም የሚቻልበት ሁኔታ ቢኖርም፥ ይህም ቢሆን በሐኪም ቤት፥ በቅርብ ክትትል የሚደረግ ነው።

ወደ ትርፍ አንጀት የሚገቡት ትላትል

በተቆረጠ ትርፍ አንጀት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ደጋግማ የምትገኘው፥ ሳይንስ ኤንተሮቢየስ ቬርሚኩላሪስ የሚላት ነጭ ክር መሳይ ትል ናት። ሴቲቱ ከ8 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ትረዝማለች፤ መኖሪያዋም ዕውር አንጀትና አካባቢው ስለ ሆነ ለትርፍ አንጀት የቅርብ ጎረቤት ናት። በሌሊት ወደ ፊንጢጣ ወጥታ እንቁላሏን ስትጥል ሕፃናትን እያሳከከች እንቅልፍ ትነሣለች።

ሁለተኛው ወስፋት ነው። ሴቲቱ ወስፋት ከ20 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ልትደርስና በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። የወስፋት መኖሪያ ትንሹ አንጀት ነው፤ ሆኖም ተቅበዝባዥ ጠባይ ስላለው፥ አስተናጋጁ ሰው ሲያተኩሰው ወይም ሌላ የሚያውከው ነገር ሲያገኝ ወደ ሐሞት ቱቦ፥ አንዳንዴም ወደ ትርፍ አንጀት ይገባል። ሦስተኛው ጅራፍ መሳዩ ትል ነው፤ ይኸውም ቀጭን ራሱን በዕውር አንጀት ግድግዳ ላይ ሰክቶ የሚኖር ነው። አራተኛው የኮሶ ትል ሲሆን፥ ከረጅሙ አካሉ የተቆረጡ ክፍሎች ወደ ትርፍ አንጀት ገብተው የተገኙበት ጊዜ አለ።

የቢልሃርዚያ ነገር ከእነዚህ ይለያል። ትሉ የሚኖረው በአንጀት ውስጥ ሳይሆን በደም ሥር ውስጥ ነው፤ ጉዳት የሚያደርሰውም እንቁላሉ ነው። እንቁላሉ በትርፍ አንጀት ግድግዳ ውስጥ ሲቀር አካባቢው ያብጣል፤ ቈይቶም ጠባሳ ሆኖ ቱቦዋን ያጠብባል። አሜባም እንዲሁ ትል ባይሆንም ዕውር አንጀትን አቁስሎ የትርፍ አንጀት ሕመምን የሚመስል ሥቃይ ሊያመጣ ይችላል።

መገኘትና ማሳመም አንድ አይደሉም

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ትል በትርፍ አንጀት ውስጥ ተገኘ ማለት ትል ትርፍ አንጀትን አሳመመ ማለት አይደለም። ክር መሳይዋን ትል ከልዩ ልዩ አገሮች የመረመሩ ሐኪሞች ደጋግመው የተመለከቱት ነገር፥ ትሏ ብዙውን ጊዜ የምትገኘው ምንም ብግነት በሌለው ትርፍ አንጀት ውስጥ መሆኑን ነው። ስለዚህ ትሏ ቱቦዋን እየቆነጠጠች የትርፍ አንጀት ሕመም የሚመስል ቁርጠት ልታመጣ ትችላለች፤ እውነተኛውን ብግነት የምታመጣው ግን አልፎ አልፎ ነው።

ነገሩን በቀላል ስሌት እንመልከተው። 1,000 ሰዎች የሚኖሩበት አንድ መንደር አለ እንበል፤ ከእነርሱም እኩሌታው በሆዱ ትል አለበት እንበል። በዚህ መንደር 10 ሰዎች ከትል ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ምክንያት ትርፍ አንጀታቸውን ቢታመሙ፥ በአጋጣሚ ብቻ ከእነርሱ 5 ያህሉ ትል ያለባቸው ይሆናሉ። የእነዚህ ሰዎች ሰገራ ቢመረመር የትል እንቁላል ይገኛል። የጤና ሠራተኛውም «ሕመሙ ተገኘ» ብሎ የትል መድኀኒት ሰጥቶ ወደ ቤታቸው ቢመልሳቸው፥ የተገኘው ትል እውነት ሆኖ ሳለ ምርመራው ግን ስሕተት ይሆናል። ትል በበዛበት አገር በሰገራ ውስጥ እንቁላል መገኘቱ ስለ ሆዱ ሕመም ምክንያት የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው።

በተቃራኒውም እንዲሁ ነው። ወደ ትርፍ አንጀት ለመግባት ቅርብ የሆነችው ክር መሳይዋ ትል እንቁላሏን የምትጥለው ከፊንጢጣ ውጭ ስለ ሆነ በተለመደው የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ አትታይም። እንግዲህ የሰገራ ምርመራ ትል ቢያሳይ ትርፍ አንጀት አይደለም ለማለት አያስችልም፤ ባያሳይም በትርፍ አንጀት ውስጥ ትል የለም ለማለት አያስችልም። የድንገተኛ ሆድ ሕመም ፍርድ የሚገኘው በሐኪሙ እጅና በታማሚው ቃል፥ መሣሪያው ካለም በአልትራሳውንድ እንጂ በሰገራ ብልቃጥ አይደለም።

የዋግ ኽምራ ሁኔታ

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ስትሆን፥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ የደሃናና የጋዝጊብላ ደጋዎች አሉ፤ ወደ ተከዜ ሲወረድ ደግሞ የዝቋላ፥ የሰሃላና የአበርገሌ ቆላዎች ይገኛሉ። ሕዝቡ ኽምጣናና አማርኛ ይናገራል፤ ይዞታውም እርሻና ከብት፥ በቆላው በተለይ ፍየል ርቢ ነው። ምድሩ በገደልና በሸለቆ የተከፋፈለ ስለ ሆነ፥ በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ቀበሌ በእግር ሲሄዱበት ሩቅ ነው።

የአገሩ ድርቀት ለትላትል ሁሉ እኩል አይመችም። የወስፋት እንቁላል ለመብሰል እርጥብና ሞቃት አፈር ስለሚፈልግ፥ ፀሐይ ባደረቀው ሜዳ ላይ ብዙ አይቆይም፤ በጥላ ሥር፥ በጓሮና በውሃ ዳር ግን ይቆያል። ክር መሳይዋ ትል ግን አፈር አያስፈልጋትም፤ ከእጅ ወደ አፍ፥ ከመኝታ ወደ መኝታ ስለምትተላለፍ፥ ውሃ በሚያንስበትና ልጆች አብረው በሚተኙበት ቤት ሁሉ ትመቻቸዋለች። ቢልሃርዚያም በተራው ቀንድ አውጣ የሚኖርበትን ውሃ ይከተላል፤ በድርቅ አገር ሰውና ከብት በአንዲት ኩሬ ወይም ወንዝ ዙሪያ ሲሰበሰቡ ደግሞ አደጋው ከውሃው ጋር አብሮ ይሰበሰባል።

የትርፍ አንጀት ሕመም በገጠር አፍሪካ ብርቅ ነው የሚል ሐሳብም ለረጅም ዘመን ቆይቷል። በኡጋንዳ የሠራው አየርላንዳዊው ቀዳጅ ሐኪም ዴኒስ በርኪት እ.ኤ.አ. በ1971 ሕመሙን ከምግብ ገለባነት ማነስ ጋር አያይዞ ሲጽፍ፥ ገለባ የበዛበት እህል የሚበላው የገጠር ሕዝብ ብዙም እንደማይታመም አመልክቶ ነበር። ብርቅ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ዛሬ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ለድንገተኛ የሆድ ኦፕራሲዮን ከሚያበቁት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሕመም ነው።

ቁርጠትና ውጋት

አሁን ነገሩን በምሳሌ እንግለጸው። በዝቋላ ቆላ ፍየል የሚጠብቅ የ12 ዓመት ልጅ አለ እንበል። ማታ ከእረኝነት ሲመለስ እምብርቱ አካባቢ ቁርጠት ያዘው፤ እራቱንም አልበላም፤ አስመለሰው። አያቱ «ወስፋት ነው» ብለው ከገበያ የተገዛ የደረቀ የኮሶ አበባ በጥብጠው አጠጡት። በማግስቱ ሕመሙ ከእምብርቱ ለቆ ወደ ቀኝ ወገን ወረደና ውጋት ሆነ፤ ሲራመድ ይጐብጣል፤ ሲያስለው ያመዋል። በሁለተኛው ሌሊት ሕመሙ በድንገት ቀለለት፤ ቤተ ሰቡም «ኮሶው ሠራ» ብሎ ተደሰተ። በሦስተኛው ቀን ግን ሆዱ እንደ እንጨት ደረቀ፤ ትኩሳቱ ጨመረ፤ ጐረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ተሸከመው።

ሐኪም ይህን ታሪክ ሲሰማ የሚያስበው ሌላ ነው። በእምብርት ዙሪያ የሚጀምር ቁርጠት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ቀኝ ታችኛ ወገን ወርዶ በአንድ ስፍራ የሚቀመጥ ውጋት ሲሆን፥ ይህ የትርፍ አንጀት ጉዞ ነው። የድንገቱ ማቅለልም ብዙ ጊዜ የመዳን ምልክት ሳይሆን፥ ያበጠችው ቱቦ ተቀድዳ ግፊቱ የተነፈሰበት ሰዓት ነው። ለዚህ ነው የኮሶው ታሪክ እጅግ አሳሳች የሚሆነው፤ መድኀኒቱ የተመሰገነበት ሰዓትና አደጋው የከፋበት ሰዓት አንድ ናቸው።

እኛ ኮሶን ለመንቀፍ አልተነሣንም። የኮሶ ዛፍ አበባ የኮሶን ትል ለማስወጣት ያለውን ኀይል ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት አገራችንን በጐበኘ ጊዜ አይቶ ለአውሮፓ አስታውቋል፤ ከዚያም በኋላ አበባው በአውሮፓ መድኀኒት ቤቶች ውስጥ ገብቶ ይሸጥ ነበር። ነገር ግን ኮሶ የታወቀው በአንድ ዓይነት ትል ላይ ነው፤ አንጀትንም በኀይል የሚያስቀምጥ ነው። ትርፍ አንጀቱ ያበጠበትን ሰው ኮሶም ይሁን ጨው ወይም ሌላ የሚያስቀምጥ መድኀኒት መስጠት የመቀደድን አደጋ ያፋጥናል ብለው የቀዶ ሕክምና መምህራን ሲያስጠነቅቁ ኖረዋል። መድኀኒቱ ጉዳት ባያደርስ እንኳ፥ «እስቲ ይሥራ» እየተባለ የሚጠበቅበት ቀን ራሱ ጉዳት ነው።

ሰዓቱን ስለ ማሳጠር

በሰቆጣ ከተማ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአገራችን የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ትምህርትም፥ ስፔሻሊስት ሐኪም በሌለባቸው ሆስፒታሎች ትርፍ አንጀትን የመሰለ ኦፕራሲዮን የሚሠሩ ሰዎችን ለማፍራት የታሰበ ነው። ሆስፒታሉና ባለሙያው ግን ሊረዱ የሚችሉት ታማሚው በጊዜ ከደረሰ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ የሚሠራው በቤት ውስጥና በጤና ኬላ ነው።

ቤተ ሰብ ሊያውቀው የሚገባው ከአራት ነገር አይበልጥም። ከእምብርት ወደ ቀኝ የሚወርድ ሕመም፤ ከሕመሙ ጋር የሚመጣ እህል መጥላትና ማስመለስ፤ ሲራመዱ ወይም ሲያስሉ የሚብስ ውጋት፤ ከግማሽ ቀን በላይ ያለ ማቋረጥ የሚቈይ ሕመም። እነዚህ ከታዩ ኮሶም፥ የሚያስቀምጥ መድኀኒትም፥ ብዙ ምግብም ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ትል ሆኖ ቢገኝ የጠፋው አንድ ቀን መንገድ ነው፤ ትርፍ አንጀት ሆኖ ቢገኝ የተረፈው ሰው ነው።

የወስፋት ክምችት አንጀትን ሙሉ በሙሉ ሲዘጋም በተለይ በሕፃናት ላይ አደገኛ ነው፤ ይህም ቢሆን የሚታከመው በሐኪም ቤት ነው። እንግዲህ ከባድ ሕመም «ትል ነው» የሚለው ግምት ትክክል በሆነበት ጊዜ እንኳ በቤት ለመቈየት ምክንያት አይሆንም።

ከኦፕራሲዮን በኋላ

ትርፍ አንጀትን ቆርጦ ማውጣት ትርፍ አንጀትን እንጂ ትልን አያወጣም። በተቆረጠው ውስጥ ትል ከተገኘ፥ የአንጀቱ ሥራ ከተመለሰ በኋላ ተገቢው መድኀኒት መሰጠት አለበት፤ ለወስፋትና ለክር መሳይዋ ትል አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል፥ ለቢልሃርዚያና ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል። ክር መሳይዋ ትል ከሆነች መድኀኒቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል፤ አብረው የሚኖሩትም ሁሉ ይወስዳሉ፤ አለዚያ ከወንድም ወደ ወንድም ትመላለሳለች።

ለተማሪዎችና ለወጣት ባለሙያዎች ደግሞ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በገጠር ሆስፒታል የተቆረጠ ትርፍ አንጀትን ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ መላክ ብዙ ጊዜ አይቻል ይሆናል። ነገር ግን ቱቦዋን ሰንጥቆ በዐይን ለማየት የሚያስፈልገው ምላጭና ብርሃን ብቻ ነው። የተገኘውንና ያልተገኘውን፥ ብግነት መኖሩንና አለመኖሩን በአንድ መዝገብ መጻፍ ቢለመድ፥ በዋግ ትል ምን ያህል ጊዜ በትርፍ አንጀት እንደሚገኝና ምን ያህል ጊዜ እንደሚያሳምም ከመዝገቡ ለማወቅ ይቻል ነበር። ያልተገኘበትንም መጻፍ ያስፈልጋል ማለታችን፥ የተገኘበትን ብቻ የሚጽፍ መዝገብ ብርቁን ነገር የተለመደ አስመስሎ ስለሚያሳይ ነው።

እንዲህ ያለ ቀላል ተመልካችነት ምን ያህል ሊያፈራ እንደሚችል ከተከዜ ማዶ የተገኘው ምሳሌ ያሳየናል። ዶክቶር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ፤ ከዚያም እንዶድ ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። ለዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክቶር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የግኝቱ መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚያየውን ወንዝ ልብ ብሎ ማየት ነበር።

መደምደሚያ

ትልን ከሥሩ ለማጥፋት የሚደረገው ጥረት መቀጠል አለበት። በ2008 ዓ. ም. የተጀመረው በትምህርት ቤቶች የትል መድኀኒት የማደል ብሔራዊ ሥራ ለዚህ የታሰበ ነው። በ2007 ዓ. ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዚህችው ከተማ ስም ተጠርቷል፤ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃም የቃል ኪዳኑ ክፍሎች ናቸው። ውሃው፥ መጸዳጃውና መድኀኒቱ በእውነት ከየቀበሌው ሲደርሱ ትሉ ይቀንሳል፤ ከትሉም ጋር ያ ብርቅ የሆነው የትርፍ አንጀት ሕመም ይቀንሳል።

እስከዚያው ድረስ ግን ሁለት ነገሮች ሳይደባለቁ አብረው መኖር አለባቸው፤ ትልን ማከም፥ እና ትልን ለሁሉ የሆድ ሕመም ምክንያት አለማድረግ። የራበው ሰው ወስፋቱ ሲጮኽ እህል ይበቃዋል፤ በቀኝ ጐኑ የሚወጋው ልጅ ሲጮኽ ግን የሚበቃው ቃሬዛና መንገድ ነው፤ ያውም በዚያው ቀን።